«ማን ላከሽ?» ለሚል ደንበኛ፦ በአፕና በቴሌግራም ሥራ ለምንቀበል የባሕር ዳር ባለሙያዎች

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራሜ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ከድምፁ ኋላ ውኃ ሲንፎለፎል ይሰማል። «እህቴ፣ ሽምብጥ ነኝ፣ ሻወር ቤቱ ፈነዳብኝ፣ ቶሎ ድረሽልኝ» ትላለች አንዲት እናት። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ የጻፍኩላቸው አንድ መስመር ነው፦ «እትዬ፣ መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ውኃው ሲቆም የፈሰሰበትን ቦታ ፎቶ ይላኩልኝ።» ብዙም ሳይቆይ ውኃው ቆመ፣ ፎቶውም መጣ። የተሰነጠቀችው የሻወሩ ተጣጣፊ ቱቦ ነበረች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲስ ቱቦ ገዝቼ ሄድኩና በ20 ደቂቃ ጨረስኩ። ሌሊቱን ብሄድ ኖሮ ሱቁ ዝግ፣ ባጃጁ የማይገኝ፣ ዕቃውም በእጄ ያልያዝኩት ነበር። ሁለታችንም እንቅልፍ አጥተን ነው የምናድረው።

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ተምሬ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈትኜ ሥራ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ሥራ የሚያመጡልኝ የቧንቧ ዕቃ ሱቆች ነበሩ፤ ባለሱቁ ዕቃ ለገዛ ሰው «አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች» ብሎ ስልኬን ይሰጣል። በር ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜም «ማን ላከሽ?» ነው። የባለሱቁን ስም ስጠራ በሩ ይከፈታል። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ «ዋስሽ ማን ነው?» ማለት ነው። ዕቃ ቢጠፋ፣ ሥራው ቢበላሽ ሄደው የሚይዙት ሰው ይፈልጋሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

አሁን ከሥራዬ ከግማሽ በላይ የሚመጣው በስልክ ነው። እዚያ ላይ ላኪ የለም። እኔን የሚያውቀኝ የሰፈር ሰው የለም፣ ደንበኛውንም እኔ አላውቀውም። ዋስ ሆኖ የሚቆምልኝ ገጼና ከቤት ከመውጣቴ በፊት የምጽፈው ነገር ነው። ኤሌክትሪሻን፣ ቀለም ቀቢ፣ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ብትሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ ምሳሌዬ ግን የማውቃት ቧንቧ ናት።

የት ልመዝገብ?

ደንበኛና ባለሙያ የሚያገናኙ አፖች ገቢ የሚያገኙበትን መንገድ ሳታውቁ አትመዝገቡ። አንዳንዱ ከሠራችሁት ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ የዲጂታል ሥራ የሚሸጥበት ፋይቨር ለምሳሌ ከባለሙያው 20 በመቶ ይወስዳል። አንዳንዱ፣ እንደ አሜሪካው ታምብታክ፣ ባለሙያውን የሚያስከፍለው ከደንበኛ ጋር ስላገናኘው ብቻ ነው፤ ሥራውን አገኘኸውም አላገኘኸውም ከፍለሃል። ታስክራቢት ደግሞ የአገልግሎት ክፍያውን በደንበኛው ሒሳብ ላይ ይጨምራል። አገር ውስጥ ያሉትም ከነዚህ ወይም ከወርሃዊ ክፍያ አይርቁም።

ለእኛ ዋናው ጥያቄ ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከምን ላይ ነው የሚለው ነው። የእጅ ዋጋዬ 2,000 ብር፣ ዕቃው 5,000 ብር ነው እንበል። 20 በመቶው ከእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ 400 ብር ሄዶ 1,600 ይቀረኛል። ደንበኛው 7,000ውን በአንድ ላይ በአፑ ከከፈለና ከጠቅላላው ከተቆረጠ ግን 1,400 ብር ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ደክሜ 600 ብር ይዤ ነው የምገባው። ስለዚህ ዕቃ በእኔ ሒሳብ ውስጥ እንዲያልፍ አላደርግም። ዝርዝሩን ጽፌ እልካለሁ፣ ደንበኛው ራሱ ይገዛል፤ ካልቻለ አብረን ሄደን ለሱቁ በቀጥታ ይከፍላል። ከዕቃ ላይ ትርፍ ጨመረች የሚለው ሐሜትም በዚሁ ይቀራል።

ሌላው ነገር፣ አብዛኞቹ አፖች አዲስ አበባን አስበው የተሠሩ ናቸው። «በመላው ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ አያታላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ደንበኛ መስላችሁ ግቡና የከተማ ምርጫው ውስጥ ባሕር ዳር መኖሩን እዩ። የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ወደ ላይ ውጡና ባለፈው አንድ ሳምንት ስንት ጥያቄ ከባሕር ዳር እንደተለጠፈ ቁጠሩ። አንድም ከሌለ፣ ነጻ ከሆነ ተመዝገቡና እለፉ፤ የሚያስከፍል ከሆነ ተዉት።

ይህን የምለው ስለተበላሁ ነው። በስልክ ሥራ መቀበል በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቻናል «የመመዝገቢያ 500 ብር ላኪ፣ ነገ ሥራ እንሰጥሻለን» አለኝ። ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ሳስገባ የተቀባዩ ስም ወጣ፤ የድርጅት ስም አልነበረም፣ የአንድ ግለሰብ ነበር። ስሙን አይቼ ልቤ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር፣ ግን ላክሁ። በማግስቱ ቻናሉ አገደኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺ የስም መስመር ላይ ሳልቆም አልልክም። የፋይዳ መታወቂያም እንዲሁ ነው። የታወቀ አፕ ማንነት ለማረጋገጥ ቢጠይቅ በራሱ በአፑ ውስጥ አስገባለሁ፤ በቴሌግራም «የመታወቂያሽን ፎቶ ላኪልኝ» ለሚል ሰው ግን ፎቶዬንም ቁጥሬንም አልሰጥም። ወደ ስልኬ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም።

ገጹ

ፊታችሁ በደንብ የሚታይበት አንድ ፎቶ፣ የሥራ ልብስ ለብሳችሁ፣ በቀን ብርሃን። የሠርግ ፎቶ አይሁን። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት የሥራ ፎቶ፦ ከመሥራታችሁ በፊትና ከሠራችሁ በኋላ፣ ከአንድ ቦታ የተነሳ። የደንበኛን ቤት ስታነሱ አስፈቅዱ፤ የበር ቁጥር፣ የልጆች ፊት፣ የግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ አይግባ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ የሚለጥፉ ባልደረቦች አሉ። የውጭ አገር ኩሽና መሆኑ በአንድ እይታ ስለሚታወቅ የራሳቸውን መልካም ሥራ ጭምር ነው የሚያስጠረጥሩት።

ጽሑፉ ላይ ሰው በሚፈልግበት ቃል ጻፉ። እኔ መጀመሪያ «የሳኒተሪ ኢንስታሌሽን ባለሙያ» ብዬ ነበር፤ ማንም አልደወለም። አሁን «ሩቢኔት የሚያንጠባጥብ፣ ሮቶ የማይሞላ፣ ሽንት ቤት የተዘጋ፣ ቦይለር የማያሞቅ» ይላል። የማልሠራውንም ጽፌያለሁ፦ ጉድጓድ አልቆፍርም፣ የቦይለሩን የኤሌክትሪክ ክፍል አልነካም፣ ለእሱ የማምነው ኤሌክትሪሻን አለ። የማልሠራውን መጻፌ ከሚያስቀርብኝ ሥራ የሚያመጣልኝ እምነት ይበልጣል። የምትደርሱበትን ሰፈርም ግለጹ። እኔ ድሮ በአሮጌው ድልድይ መጨናነቅ ምክንያት ከ10 ሰዓት በኋላ አባይ ማዶ አልሄድም ብዬ ጽፌ ነበር፤ በግንቦት 2016 አዲሱ 380 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ ከተመረቀ በኋላ ያንን መስመር አጠፋሁት።

ከመውጣታችሁ በፊት የሚጻፈው

ጥያቄ ሲገባ ቶሎ መልሱ፤ ደንበኛው ለአራት አምስት ሰው ነው የሚልከው። ቶሎ መመለስ ግን ቶሎ «እሺ መጣሁ» ማለት አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ መልእክት ስልኬ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፣ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ደርሶኛል። ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ፦ አንዱ ከሩቅ ክፍሉን በሙሉ የሚያሳይ፣ አንዱ ችግሩ ያለበትን በቅርብ፣ አንዱ ደግሞ ቧንቧው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስጠግተው። ቤት ውስጥ ውኃና መብራት አለ? የቆጣሪው መዝጊያ ይሠራል? በር የሚከፍትልኝ ማን ነው?»

እያንዳንዱ መስመር ዋጋ ተከፍሎበታል። ሳንቲሙን ያስተማረችኝ ዘጌ ናት። እዚያ እንግዳ የሚያሳርፉ አንድ አባት «የሮቶው መስመር ይፈሳል» ብለው የመገጣጠሚያውን ፎቶ በቅርቡ ብቻ ላኩልኝ። ፎቶ ላይ ትልቁም ትንሹም አንድ ይመስላል። ባለ 20 ሚሊሜትር ነው ብዬ የ20 ዕቃና የፒፒአር (በሙቀት የሚያያዝ የፕላስቲክ ቱቦ) መበየጃውን ተሸክሜ በጀልባ ተሻገርኩ። ስደርስ ቱቦው 25 ነው። መጠኑ ልክ ቢሆን እንኳ የዚያን ቀን መብራት የለም፤ መበየጃው ደግሞ 260 ዲግሪ ካልሞላ አይበይድም። ጫካው ውስጥ ቡና አፍልተው አጠጡኝ፣ እኔ ግን ቡናው አልወረደልኝም። የመምጫ ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም፤ ስህተቱ የእኔ ነበር። በሦስተኛው ቀን በእጅ የሚጠብቅ የ25 ማያያዣ ይዤ ተመልሼ ጨረስኩ። አሁን የአንድ ብር ሳንቲም ቧንቧው አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታየኛል፦ 25ቱ ከሳንቲሙ ጥቂት ነው የሚያንሰው፣ 20ው በግልጽ ይቀጥናል። ኤሌክትሪሻኖች ሳንቲሙን በሶኬት ፎቶ፣ ሴራሚክ አንጣፊዎች ደግሞ በአንድ ክንድ የተለካ ገመድ መተካት ይችላሉ።

«በር የሚከፍትልኝ ማን ነው?» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በአፕ የሚያዝዘው ሰው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የለም። ልጅ አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ሆና ድባንቄ ላሉት እናቷ ባለሙያ ታዛለች። እኔ ዕቃዬን ተሸክሜ በር ሳንኳኳ እናት በቀዳዳ እያዩ «ማን ላከሽ?» ይላሉ። «ከአፕ ነው» ብላችሁ ሞክሩ እስቲ! አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ 40 ደቂቃ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ያዘዘችው ልጅ አስቀድማ ደውላ ስሜን፣ የምመጣበትን ሰዓትና ሴት መሆኔን እንድትነግራቸው አደርጋለሁ። ቧንቧ ሠራተኛ ሲባል ወንድ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። በሩ ላይ «እማማ፣ ልጅዎ ናት የላከችኝ» ስል ነገሩ አለቀ፤ ላኪ አገኘሁ።

ቀጥሎ ዋጋ። በእኛ ከተማ ትልቁ ወጥመድ «ግድ የለም፣ ስትጨርሺ እንስማማለን» የሚለው ንግግር ነው። ሰው የሚለው በቅንነት ነው፣ በገንዘብ መከራከር ነውር ስለሚመስለው። ሲጨረስ ግን እኔ በልቤ 1,500 ይዣለሁ፣ እሱ በልቡ 600 ይዟል፤ አንደኛችን ተቀይመን እንለያያለን። ስለዚህ በጽሑፍ ሦስት ነገር ለይቼ እልካለሁ፦ መጥቼ የማይበት 300 ብር፣ ሥራውን ከሰጡኝ ከእጅ ዋጋው የሚቀነስ፤ የእጅ ዋጋ ከዚህ እስከዚህ፤ ዕቃ በእርስዎ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ «ግድግዳ ተፈልፍሎ ሌላ ችግር ከተገኘ ሥራውን አቁሜ ዋጋውን እነግርዎታለሁ፣ እሺ ሳይሉ አልቀጥልም።» ይህችን በጽሑፍ «እሺ» ብለው እስኪመልሱ ከቤት አልወጣም። ፊት ለፊት ለማለት የሚከብድ ነገር በጽሑፍ ይቀላል፤ ቴሌግራም በእውነት ከጠቀመኝ አንዱ ይህ ነው።

ሥራው ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ ቤት ሙሉ መስመር ዝርጋታ፣ ቀብድ ጠይቁ። አፑ ገንዘቡን ይዞ ሥራው ሲያልቅ የሚለቅ ከሆነ በእሱ በኩል ይሁን፤ ካልሆነ ሥራውን ከፋፍላችሁ በየደረጃው ተቀበሉ።

በር ላይና ቤት ውስጥ

ባሕር ዳር የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ የለም። «ከሰማያዊው በር ወረድ ብሎ» የሚለውን ትታችሁ ሎኬሽን አስልኩ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ክፈቱት። አንዳንዱ ሰው ሎኬሽኑን የሚልከው ከቢሮው ሆኖ ስለሆነ ቢሮው ጋ ትደርሳላችሁ።

ሴቶች እህቶቼ፣ ሎኬሽኑንና የደንበኛውን ስልክ ለአንድ ሰው ሳትልኩ አትግቡ። እኔ ለታናሽ እህቴ እልካለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ደህና ነኝ» ካላልኩ ትደውላለች። ስገባ ደንበኛው እየሰማ «ደርሻለሁ» ብዬ እደውልላታለሁ። በመልእክት ያልተለመደ ነገር የሚጠይቅ፣ ስለ ቧንቧው ሳይሆን ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ ሥራውን እሰርዛለሁ። አፑ ስለ መሰረዝ ነጥብ ቢቀንስም ይቀንስ።

ሥራ ላይ ስሆን የማይታየውን ለደንበኛው አሳያለሁ። ፒፒአር ሲበየድ ባለ 20ው 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ ነው መሞቅ ያለበት። ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከውጭ ሲታይ ያማረ ነው፤ ውኃው ግን ይደክማል፣ ደንበኛውም ከወር በኋላ «ሻወሩ አይወርድም» ይላል። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ከዚያ አውጥቼ ሳላጣምም ቀጥ አድርጌ እገፋዋለሁ፣ እስኪቀዘቅዝም አልነካውም። ልጆች ካሉ አብረውኝ ይቆጥራሉ። ስጨርስ ውኃውን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ዕቃዬን እየሰበሰብኩ እቆያለሁ፤ በመጨረሻ ደረቅ ሶፍት መገጣጠሚያው ሥር አዙሬ ደረቅ መውጣቱን ለደንበኛው አሳያለሁ። ያዘዘው ሰው ሩቅ ካለ ይህንኑ በአጭር ቪዲዮ እልካለሁ። ክፍያው የሚዘገየው ቪዲዮ ያልላክሁ ቀን ነው።

ኮከቡ

አስተያየት የሚጠየቀው ሶፍቱ ደረቅ የወጣ ጊዜ ነው፣ በር ላይ ሳትሰናበቱ። «ሥራዬ ከተስማማዎት አፑ ላይ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፣ ለነገ እንጀራዬ ነው» እላለሁ፤ ሰው ደስ ብሎት ይጽፋል። ለኮከብ ብላችሁ ዋጋ አትቀንሱ፣ ዘመድ እየለመናችሁም አታስጽፉ።

ሁለት ኮከብ የሰጡኝ ሰው አሉ። አንድ ሰዓት አርፍጄ ነበር፤ ባጃጁ ተበላሽቶ ነው፣ ግን አልደወልኩም። ያኔ በሥሩ የመለስኩት ይኸው ነው፦ «ልክ ነዎት፣ አርፍጃለሁ፣ መደወል ነበረብኝ። ይቅርታ። ሥራው ላይ ችግር ካለ ያለ ክፍያ እመጣለሁ።» ከዚያ በኋላ የመጡ ሁለት ደንበኞች ያቺን መልስ አንብበው እንደመረጡኝ ነግረውኛል።

የደንበኛ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «አፑን ትተን በቀጥታ እንነጋገር፣ ኮሚሽኑን እንካፈለው።» በመጀመሪያ ሥራ ላይ እምቢ እላለሁ። ደንበኛውን ያመጣልኝ አፑ ነው፤ ገንዘብ ቢከለከል፣ ጭቅጭቅ ቢነሳ ማስረጃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለተከታዩ ሥራ የአፑን ውል አንብቡ፤ አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ገጻችሁን ይዘጋል።

ለምታሠሩ ሰዎች

ዋጋው ከሁሉ የወረደውን አትምረጡ፤ ጥያቄ የጠየቃችሁን ምረጡ። ፎቶ ሳያይ «በ400 እጨርሰዋለሁ» ያለ ሰው እናንተ ቤት ሲደርስ ዋጋው ይለወጣል። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ደረሰኙን ያዙ። ባለሙያው ሲመጣ ፊቱን ከገጹ ፎቶ ጋር አስተያዩ፤ ሌላ ሰው ከላከ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደንበኞቼ በሙሉ ስልኬ ውስጥ እንደ ተቆለፉ ቀሩ። ስማቸውን እንጂ ቁጥራቸውን አላውቅም፤ ሁሉም የተጻጻፍነው በቴሌግራም ነበር። ለወራት ወደ ቧንቧ ዕቃ ሱቆች በር ተመለስኩ። ባለሱቆቹ አልተቀየሙኝም፣ «የት ጠፋሽ?» ብለው ሥራ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ እነሱን ዘንግቼ አላውቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን አልፌ ሰላም እላቸዋለሁ።

አሁን ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ ቤት ግማሽ ገጽ፦ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የቆጣሪው መዝጊያ የት እንዳለ፣ ቱቦው 20 ነው ወይስ 25፣ ምን ቀየርኩ፣ መቼ። የሽምብጧ እትዬ ገጽ ላይ «መዝጊያው ከበሩ በስተግራ፣ ከአበባው ማሰሮ ኋላ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር፣ በዚህ ጊዜ በተራ ስልክ። «መዝጊያውን ዘግቼዋለሁ፣ ሳንቲሟንም አስጠግቼ አይቻታለሁ፣ የኔዋ ቀጭኗ ናት» አሉኝ። የ20 ዕቃ ይዤ ሄድኩ።